መምህርት አያት ፊደል ሲያስቆጥሩ

የ5 ዓመት ልጅ ከ«ሀ ሁ ሂ» ተነስቶ እስከ «ፐ ፑ ፒ» ሳይደናቀፍ ይወርዳል። ቤተሰቡ ያጨበጭባል፤ እናቱ በስልክ ትቀርጸዋለች። አያቱ ግን ገና አያጨበጭቡም። በአንዲት ትንሽ ከተማ አንደኛ ክፍልን ከ30 ዓመት በላይ ያስተማሩ ሴት ናቸውና ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቁታል። ጣታቸውን ገበታው መሀል ያሳርፉና «ይቺስ ማን ናት?» ይላሉ። ልጁ ዝም። ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ይጀምራል፤ በሹክሹክታ «መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ…» ይልና «ሜ!» ብሎ ይጮኻል። መልሱ ልክ ነው። ግን ሜን አላነበባትም፤ በዜማ ተንደርድሮ ነው የደረሰባት።

በዜማ ማወቅና በዓይን ማወቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የቤተ ክህነት መምህራን ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ተማሪው ሀሁን በቃሉ ከያዘ በኋላ ወደ አቡጊዳ የሚያሻግሩት ለዚሁ ነው፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ዘሩም (የፊደሉ ቤተሰብ፣ ለምሳሌ ከመ እስከ ሞ) ቤቱም (በቤተሰቡ ውስጥ ያለው ተራ) በአንድ ጊዜ ይቀየራል፤ አ ግእዝ (1ኛ ቤት) ናት፣ ቡ ካዕብ (2ኛ)፣ ጊ ሳልስ (3ኛ)፣ ዳ ራብዕ (4ኛ)፣ ሄ ኃምስ (5ኛ)፣ ው ሳድስ (6ኛ)፣ ዞ ሳብዕ (7ኛ)። የለመደው ዜማ ስለማያወጣው ልጁ ዓይኑን መክፈት ግድ ይሆንበታል። አቡጊዳም ሲደጋገም ዜማ መሆኑ አይቀርም። ያኔ መምህሩ ስንጥር ይዞ ገበታው ላይ ወዲያና ወዲህ መጠቆም ይጀምራል። ጠቅላላው ብልሃት ልጁን ከዜማው ማውጣት ነው።

ዛሬ ጡረታ እየወጡ ያሉት መምህራት ብዙዎቹ 12ኛ ክፍልን ጨርሰው በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም፣ በተለምዶ ቲቲአይ በሚባለው፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው የወጡ ናቸው። «አሥራ ሁለት ሲደመር አንድ» ይባል ነበር። ደብረ ብርሃን፣ ሐረር፣ ጅማ፣ ጎንደር ተምረው፣ ዕጣ ወዳደረሳቸው ትንሽ ከተማ ሄደው እዚያው የቀሩ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹማ ጠመኔ መጀመሪያ የጨበጡት ገና ተማሪ ሳሉ፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ፣ እርሻ ውለው ለመጡ ጎልማሶች ፊደል ሲያስቆጥሩ ነው። በ60 ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ ከተማው ተማሪያቸው ነው፤ ባጃጅ የሚነዳውም፣ ባንክ ቤት ገንዘብ የምትቆጥረውም «እትዬ» ብሎ ይነሳላቸዋል። ታዲያ ይህ ሁሉ ልምድ ወደ ቤት ሲገባ እኩሌታው የልጅ ልጅን የሚጠቅም ሀብት ነው፤ እኩሌታው ደግሞ በሩን አልፎ መግባት የለበትም። ፊደል ማስቆጠር ላይ ይህ ልዩነት ከሁሉ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል።

በሩን አልፎ መግባት የሌለበት የመጀመሪያው ነገር ክፍለ ጊዜው ነው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። 60 ልጅ በተቀመጠበት ክፍል ግን አንዱ ልጅ መምህሯን ለራሱ የሚያገኘው ከደቂቃ በታች ነው፤ በቀረው ጊዜ በመስኮት ያያል፣ ጎኑ ካለው ጋር ይጎሻሸማል፣ ያርፋል። ቤት ውስጥ 40ውም ደቂቃ በእሱ በአንዱ ላይ ይወርዳል። ለ5 ዓመት ልጅ 10 ደቂቃ፣ ለ6 ዓመት ልጅ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ጠዋት አንዴ፣ ሳይመሽ አንዴ። ልጁ ውሃ ካማረው፣ ዓይኑን ካሸ፣ ወይም ፊደሉን ሳያይ መልስ መወርወር ከጀመረ ሰዓቱ አልፏል። የሚቆመው ልጁ «አንዴ ብቻ እንድገም» እያለ ሳለ ነው፤ ነገ ራሱ ካርዶቹን ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው «ገብቷችኋል?» የሚለው ጥያቄ ነው። ክፍል ውስጥ 60 ድምፅ «አዎ!» ይላል፤ ያልገባው በገባው ድምፅ ውስጥ ይሸሸጋል። ቤት ውስጥ መሸሸጊያ የለም፤ ቢሆንም ልጁ «ገባህ?» ሲባል አያቱን ላለማሳዘን «አዎ» ይላል። ጥያቄው ሥራ የሚያሠራ መሆን አለበት፦ «ከእነዚህ ከ3ቱ ሳ የቷ ናት? አምጣልኝ።» ድምፅም አብሮ ይታሰብበታል። ኋላ ወንበር ድረስ ሲደርስ የኖረ ድምፅ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቁጣ ይመስላል። ልጁ ሳይሳሳት ይደነግጣል፤ የደነገጠ ልጅ ደግሞ ፊደሉን ትቶ የአያቱን ፊት ማንበብ ይጀምራል።

በደስታ ይዞ የሚገባው ግን ዓይን ነው። የልጅ ስህተት ከየት እንደመጣ ማየት የሚችል፣ ሺህ ጊዜ ያየ ዓይን።

የፊደል ገበታው 33 ዘር አለው፤ በ7 ቤት ሲባዛ 231 ነው፣ ሏ፣ ቋ፣ ኳ የመሳሰሉትን ዲቃላ ፊደላት ሳንቆጥር። ይህን ሁሉ በአንድ ገበታ ፊቱ ላይ መዘርጋት ዜማውን መጋበዝ ነው። ልምድ ያላቸው መምህራት በ12 ፊደል ይጀምራሉ። 6ቱ ራብዕ ናቸው፦ ላ፣ ማ፣ ራ፣ ሳ፣ ባ፣ ታ። 6ቱ የእነሱው ሳድስ፦ ል፣ ም፣ ር፣ ስ፣ ብ፣ ት። ከእነዚህ ብቻ ላም፣ ማር፣ ሳር፣ ራት፣ ምሳ፣ ልብ፣ ብር፣ ስም ይወጣሉ። በሳምንት 4 ፊደል ቢያዝ በ3ኛው ሳምንት መጨረሻ ልጁ የሚያውቃቸውን 8 ቃላት ያነባል፤ የፊደል ዋጋ የሚገባው ያን ቀን ነው። 6ቱ ዘሮች በ7ቱም ቤት 42 ፊደል ሲሆኑ ደግሞ ቤት፣ በሬ፣ ሎሚ፣ ሴት፣ ሙሉ፣ ተማሪ፣ ሰላም ይጨመራሉ። ሀሁ በቅደም ተከተል መዘመሩ አይከለከልም፤ ለመዝገበ ቃላት ኋላ ይጠቅመዋል። ዘፈኑ ለመንገድ፣ ካርዱ ለንባብ ነው።

ካርዱ ከብስኩት ካርቶን ይቆረጣል፤ 6 በ6 ሳንቲ ሜትር፣ በአንድ ካርድ አንድ ፊደል፣ በወፍራም እስክሪብቶ። ቀለሙ አንድ ዓይነት ይሁን። ላ በቀይ፣ ማ በሰማያዊ ከተጻፈ ልጁ የሚያጠናው ቀለሙን ነው፤ ይህን ስህተት ጥሩ መምህራን ሳይቀሩ ይሠሩታል። አንዴ ሲቀመጡ 10 ካርድ ይበቃል፤ 7ቱ የሚያውቃቸው፣ 3ቱ አዲስ። ልጁ ሲመልስ ካርዱ ከ3 ቦታ አንዱ ላይ ይቀመጣል፦ እንዳየ የተናገረው፣ አስቦ የደረሰበት፣ ያላወቀው። ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ መልሱ ልክ ቢሆንም ካርዱ «አስቦ» የሚለው ክምር ላይ ነው የሚሄደው። መሀለኛው ክምር ነው የነገ ትምህርት። ካርድ ለመሥራት ጊዜ ከሌለ አንድ ወረቀት መሀል ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ተቆርጦ በተዘጋጀው ገበታ ላይ ይንሸራተታል፤ በመስኮቱ አንድ ፊደል ብቻ ስለሚታይ ልጁ ከዘሩ ጫፍ ተነስቶ መዘመር አይመቸውም።

ለምን ሳድስን ከመጀመሪያው ጨመሩ ቢባል፣ ሳድስ ሥርዓት ስለሌለው ነው። ካዕብ በወገቡ ላይ በቀኝ በኩል ትንሽ እጅ ያወጣል፦ ቡ፣ ሉ፣ ሙ፣ ሱ። ሳልስ ያንኑ በእግሩ ሥር ያደርጋል፦ ቢ፣ ሊ፣ ሚ፣ ሲ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ቤ፣ ሌ፣ ሜ፣ ሴ። 3ቱን ቤቶች ልጁ ራሱ ያገኛቸዋል፤ ቡና ሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው «ምናቸው ይመሳሰላል?» ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው። ያገኘውን አይረሳውም። ረ እና ፈ ግን ሥርዓቱን ስለማይጠብቁ ሩ እና ፉ ለብቻቸው ይያዛሉ። ራብዕና ሳብዕ በከፊል ሥርዓት አላቸው፤ ላ፣ ባ፣ ሳ በቀኝ እግራቸው ሲረዝሙ አንድ እግር ያላቸው እንደ ታ እና ና ይታጠፋሉ፤ ቦና ሶ የቀኝ እግራቸው ያጥራል፣ ሎና ቶ ግን ቀለበት ያወጣሉ። ሳድስ ውስጥ ል፣ ም፣ ር፣ ት እያንዳንዳቸው የራሳቸው መልክ አላቸው። በቃል ከመያዝ ሌላ መንገድ የለም፤ ስለዚህ ልጁ ሳይሰለች፣ ገና በትኩሱ ይያዙ።

መደናገርም የራሱ ምክንያት አለው። ልጁ እስከዚያ ዕድሜው ድረስ ያየው ዓለም ቢገለበጥ ያው ነው፤ ኩባያ ቢደፋም ኩባያ ነው። ፊደል ላይ ሲደርስ ግን ይህ ሕግ ይፈርስበታል፦ በ ሲገለበጥ ሀ ይሆናል፣ ሐ ሲገለበጥ ሠ። ልጁ በን ሀ ቢል ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ለ5 ዓመት ያገለገለውን ሕግ ስለተጠቀመ ነው። መፍትሔው ሁለቱን በአንድ ሳምንት አለማስተማር ነው። በ እስኪጠነክር 3 ሳምንት ይቆይና ሀ ይምጣ። ነ እና ኀም እንዲሁ ይለያዩ። ከሌሎች የተወለዱት 7ቱ ግን ከእናታቸው ጋር ቢቀርቡ ነው የሚቀለው፦ ሰ ባርኔጣ ስታደርግ ሸ ናት፣ ተ ስታደርግ ቸ፣ ነ ኘን፣ ከ ኸን፣ ዘ ዠን፣ ደ ጀን። ጨ ብቻ የጠ ልጅ ሆና ባርኔጣዋን ትታ እግሯ ላይ ቀለበት አስራለች። ይህን ለልጅ እንደ ቤተሰብ ወሬ ብታወሩት በአንድ ማታ ይይዘዋል፤ እናቶቹን አስቀድሞ ካወቃቸው ነው ታዲያ።

ሌላው መደናገር በጆሮ ይመጣል። ተን ከጠ፣ ከን ከቀ፣ ፐን ከጰ የሚያምታታ ልጅ ገበታውን ቢያፈጥበትም አይጠቅመውም። ቀጭን ወረቀት በ2 ጣት ከከንፈሩ ፊት ጥቂት ራቅ አድርጎ ይያዝ። «ፐ» ሲል ወረቀቱ ይወዛወዛል፤ «ጰ» ሲል እምብዛም አይነቃነቅም። ተ እና ጠ፣ ከ እና ቀ ላይም ይሞከር። ትንፋሽ የሚወጣበትና የሚታፈንበት ድምፅ በዓይኑ ታየው ማለት ነው። ይህ ተደርጎም ከሳምንታት በኋላ ካልለየ፣ ወይም ከኋላው በዝግታ ሲጠራ የማይዞር ከሆነ ጆሮው ይመርመር። ገበታውን ለማየት አንገቱን የሚያዘምም፣ ዓይኑን የሚያጨነቁር፣ ቴሌቪዥን ሥር ካልሆነ የማይቀመጥ ልጅም ዓይኑ ይታይ። ክፍል ውስጥ «ሰነፍ» እየተባሉ ኋላ ወንበር ላይ ዓመታቸውን ከጨረሱ ልጆች መካከል ሰሌዳው የማይታያቸው ነበሩ። መምህርት አያት ይህን በልጅ ልጃቸው ላይ ከሁሉ ሰው ቀድመው ሊያዩት ይችላሉ።

መጻፍ ላይ ለአፍታ እንቆይ። የቤት ሥራው «ለን 2 ገጽ ጻፍ» የሚል ነው እንበል። አያት ከጎኑ ተቀምጠው እጁን ብቻ ይመልከቱ። ልጁ መጀመሪያ የግራ እግሩን ብቻ ከላይ እስከ ታች በተርታ ያሰምራል፤ ቀጥሎ ይመለስና የቀኙን እግር ያሰምራል፤ በመጨረሻ ከላይ ያገናኛቸዋል። ገጹ ሞልቷል፣ ንጹሕ ነው፣ መምህሯም «ጎበዝ» ትላለች። ልጁ ግን አንድም ጊዜ ለን አልጻፈም፤ እንጨት ሲያቆም ነው የዋለው። ይህን ባያደርግ እንኳ ሌላ ነገር ይሆናል፤ የመጀመሪያውን መስመር ከመምህሯ ጽሑፍ ይገለብጣል፣ ከ3ኛው መስመር ጀምሮ ግን የሚያየው ከላዩ ያለውን የራሱን ፊደል ነው። 3ኛው ላይ ትንሽ ያዘነበለ እግር 10ኛው ላይ ይወድቃል። የደብተሩን ገጽ ከላይ ወደ ታች ያየ ሰው ስህተቱ እንዴት እንደተወለደና እንዳደገ ያነበዋል።

ስለዚህ 5 ብቻ ይጻፍ። ከ5ቱ በኋላ አያት አዲስ ምሳሌ ይጻፉለትና ሌላ 5 ይጻፍ። ከዚያ «ከ10ሩ ቆንጆዋ የቷ ናት?» ተብሎ ልጁ ራሱ ይክበባት። ቀይ እስክሪብቶ አያስፈልግም። የቤት ሥራው 2 ገጽ ከሆነ በዚህ መንገድ በ2 ጊዜ ተቀምጦ ይሞላል። መጀመሪያ ግን እርሳስ ሳይያዝ በጣት ይጻፍ፤ በአሸዋ ላይ፣ በእርጥብ ጣት በሰሌዳ ላይ፣ ወይም በአየር ላይ በሙሉ ክንድ። ከዚያ በወረቀት ላይ በ5 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ ቀስ በቀስ ወደ 1 ሳንቲ ሜትር። ባለ ካሬ ደብተር ከተገኘ አንድ ፊደል በ4 ካሬ ውስጥ ይቀመጥ፤ የኃምስ ቀለበትና የሳልስ እግር መስመሩ ላይ እንጂ ከመስመሩ በታች መሆን እንደሌለባቸው ካሬው ያሳየዋል። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፍ፤ ብዙ ልጅ ቀለበቱን ከታች ጀምሮ ሥሎ ግንዱን ወደ ላይ ይስባል፣ ይህ ከተለመደ እጁን ለዘለቄታው ያዘገየዋል።

እርሳሱ በጣም ያጠረ ከሆነ እጁ በጭብጥ ስለሚይዘው ይቀየር። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ይይዙታል፣ መሀል ጣት ከሥር ይደግፈዋል፣ አያያዙም ከጫፉ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። እግሩ መሬት ይንካ፤ የተንጠለጠለ እግር ያለው ልጅ ሚዛኑን ለመጠበቅ በግራ እጁ ጠረጴዛውን ስለሚይዝ ደብተሩ ይንሸራተትበታል። ከሥሩ ሳጥን ወይም ዱካ ማስገባት ይበቃል። በቀኙ ለሚጽፍ ልጅ አያት በግራው ይቀመጡ፤ በቀኙ ከተቀመጡ የሚጽፈውን እጁ ይሸፍንባቸዋል። በግራው የሚጽፈውን ልጅ በግድ ወደ ቀኝ ማዞር የድሮ ክፍል ስህተት ነበርና አይደገም፤ ደብተሩን ወደ ቀኝ አዘንብሎ ብርሃኑ በቀኙ እንዲመጣለት ማድረግ ብቻ ይበቃዋል።

ንባብ ላይ የአማርኛ ፊደል አንድ ትልቅ ውለታ ይውላል፦ ላ አንድ ምልክት፣ አንድ ድምፅ ናት፤ ልጁ ተነባቢና አናባቢ ማጋጠም የለበትም። ችግሩ ያው ሳድስ ነው። «ላም»ን ሲያነብ «ላ… ምእ» ይላል፤ ካርዱ ላይ ም ለብቻዋ ስትጠራ እንደዚያ ስለሰማት። ቃሉ አልመጣለትምና አያቱን ያያል። እዚህ ላይ ማስረዳት አያዋጣም። «ላ በልና አፍህን ግጠም» ማለት ነው። አፉን ሲገጥም ላም ትመጣለች። ለ«ራት» ምላሱን ጥርሱ ሥር ያሳርፍ፣ ለ«ማር» ያንቀጥቅጠው። «ብር» ላይ ግን ብ ትንሽ ትንፋሽ ትፈልጋለች፣ ር ግን አትፈልግም፤ ያው ሳድስ በአንድ ቃል ውስጥ 2 ጠባይ አለው። ልጁ ቃሉን ከአፉ ካወቀው ይህን ሳይነገረው ያስተካክለዋል። የማያውቀውን ቃል ማስነበብ ከባድ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

መጥበቅና መላላትም ፊደሉ ላይ አይታይም። «ልጁ አለ» የሚለው ተናገረ ማለት ነው ወይስ አለ፣ ተገኝቷል ማለት? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ጊዜው አለመድረሱ? «ዋና» ውሃ ውስጥ ነው ወይስ ዋናው ነገር? አዋቂ ሰው ሳያስበው ያልፈዋል፤ ልጅ ግን አላልቶ ያነብና «ምን ማለት ነው?» ይላል። ጥያቄው በጣም ጥሩ ምልክት ነው፣ ትርጉም እየፈለገ ነውና። አያት መልሱን ከመስጠት ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው እንዲያነብ ያድርጉት፤ ከዚያ መልሶ ቃሉን ይበለው። አጥብቆ ይመለሳል።

የተደጋጋሚ ድምፅ ፊደላት ጉዳይ ባጭሩ ይለፍ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። 33ቱ ዘሮች በአማርኛ አፍ የሚሰጡት ድምፅ ከ33 ያነሰ ነው። በግእዝ ሰአለ ለመነ ነው፣ ሠዐለ ደግሞ ሥዕል ሣለ፤ ልዩነቱ ትርጉም ይለውጣል፣ ይህንንም የሚወዱ መምህራት ገና ከጅምሩ ማስተማር ይቃጣቸዋል። ለ5 ዓመት ልጅ ሸክም ነው። ከየቡድኑ አንዱን ይያዝ፤ ፀሐይ ወይም ዓለም የሚባል ሰው ስም ሲያጋጥመው «ይቺም ጸ ናት፣ ልብሷ ሌላ ነው» ይባል። ማንበብ ከቻለ በኋላ ሥራን በሥ፣ ዓመትን በዓ መጻፍ ለመልመድ ዓመታት አሉት።

ከትምህርት ቤቱ ጋር ያለው ነገር ልብ ይፈልጋል። የልጁ መምህር ምናልባት የአያት የቀድሞ ተማሪ ናት፤ የምታስተምርበት መንገድም የተለየ ሊሆን ይችላል። አያት በልጁ ፊት «እንዲህ አይባልም፣ መምህርህ ተሳስታለች» ካሉ ልጁ በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ከ2 መምህር አንዱን መምረጥ ይጠበቅበታል፣ የሚመርጠውም አያቱን ነው፤ ከዚያ በኋላ ክፍል ውስጥ አይሰማም። በደብተሩ ላይ የታየ ስህተት ካለ ልጁ በሌለበት፣ ከክፍል በኋላ፣ በጥያቄ መልክ ይነሳ፦ «በዚህ ሳምንት የትኛው ፊደል ላይ ናችሁ? ቤት ውስጥ እሱኑ ላግዘው።» ስንት ዓመት እንዳስተማሩ መናገር አያስፈልግም፤ ያቺ መምህር በደንብ ታውቃለች። የቤት ሥራውን ለልጅ ሠርቶ መላክማ ከሁሉ የከፋ ነው። መምህሯ ትክክለኛውን ደብተር ስታይ ልጁ የገባው ይመስላታልና ትታው ታልፋለች። ያልቻለው ባዶ ይሂድ።

ማታ ተረት አለ። ይህ ከትምህርቱ ተለይቶ ለብቻው የሚቆም አይደለም። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ልጅ፣ አያ ጅቦና ጦጢት ሲነጋገሩ እየሰማ የሚያድግ ልጅ፣ «ብር»ን ሲያነብ የሚያስተካክልበትን ቃል የሚያጠራቅመው ከዚያ ነው። እንቆቅልሹም እንዲሁ። ተረቱ ሲያልቅ ደግሞ ተራው የልጁ ይሁን፤ የቀን ውሎውን ይተርክ፣ አያት በትልልቁ ይጻፉት። 3 መስመር፣ በመስመር ከ4 ቃል ያልበለጠ፦ «ድመቷ ዘለለች። ወተቱ ተደፋ። እማማ ሳቀች።» ልክ እንዳለው ይጻፍ። እዚህ ላይ የመምህርት እጅ ማረም ይፈልጋል፤ «እማማ ሳቁ» ብሎ ማስተካከል ይቃጣዋል። ቢያስተካክል ልጁ ጠዋት ሲያነብ አፉ «ሳቀች» ይላል፣ ዓይኑ ግን «ሳቁ»ን ያያል፣ 2ቱ አይገጥሙለትም፣ ወረቀቱን ማመን ይተዋል። አክብሮቱን በአፍ ይማረዋል፤ ወረቀቱ ላይ የራሱ ቃል ይቆይ።

ጠዋት ጣቱን ከቃሉ ሥር እያስኬደ ያነበዋል። መጀመሪያ በትዝታ ነው የሚያነበው፤ ጣቱ ከአፉ ይቀድማል ወይም ይዘገያል። አያት መሀል ላይ «ወተቱ የት አለች?» ይበሉት። ወደ ኋላ ተመልሶ ከ«ድመቷ» ከጀመረ ገና ዜማ ላይ ነው፤ ጣቱ በቀጥታ ካረፈባት አነበበ። በ3ኛው ቀን ወረቀቱ ይገልበጥና በጀርባው ልጁ ራሱ ይጻፍ። «ድመት» የምትለው «ዲመት» ሆና ልትመጣ ትችላለች፤ ዲ እና ድ በጆሮው ይቀራረባሉና። ላጲስ አይነሳ። አያት ከሥሯ በራሳቸው እጅ «ድመት» ብለው ይጻፉና እርሳሱን መልሰው ያስይዙት። ሁለቱን እያየ ትንሽ ይቆያል። ከዚያ የመጀመሪያዋን ፊደል በጣቱ ይነካል።